ልጅ የተሳፈረበት ጀልባ

አገርነሽ አዲስ ጀልባ የምታስረክበው ሁልጊዜ በጧት ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሣል፤ ጧት ግን ሰሐን ላይ እንደተቀመጠ ውሃ ዝም ይላል። ይኸን ማንም ጀልባ ሠሪ ያውቃል። የእሷን ርክክብ ከሌላው የሚለየው ሌላ ነገር ነበር። አዲሱ ጀልባ መጀመሪያ ውሃ ላይ ሲወጣ የአገርነሽ ልጅ አብሮ ይሳፈራል። ልጁ ወለሉ ላይ ቁጭ ይልና መዳፉን ብየዳው ላይ ያሳርፋል። ጀልባው ወደ ውስጥ ገብቶ ዞሮ እስኪመለስ መዳፉን አያነሣም። ከዚያ ዳር ለቆሙት ገዢዎች "ደረቅ ነው!" ብሎ ይጮኻል። ገዢውም ያን ጊዜ ይረከባል።

ዘጌ ውስጥ ጀልባ ሊገዛ ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቅ "የአገርነሽን ግዛ፤ ልጇን ይዛ ነው የምትገባበት" ይሉታል። ስሟ የቆመው በዚህ ነው። የነገሩ አጀማመር ግን ሰው እንደሚያወራው አልነበረም።

ብረታ ብረት ተምራ እንደጨረሰች ፋብሪካ ገባች፤ ጥገና ክፍል። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ደመወዙም ቀኑን አያዛንፍም። የመጀመሪያ ልጇ ሩሐማ ስትወለድ ግን ፈረቃው አላስኬዳት አለ። ባሏ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውሎ አዳሪ ነው፤ ወር ቆይቶ ይመጣል፤ ኋላም እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። የሌሊት ተረኛ በሆነች ቁጥር ሕፃኗን ማን ይያዝላት? ዘመድ አዝማድ ሩቅ ነው፤ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም የለ። አሰበችና "የራሴ ሥራ ቢሆን ልጄ ዓይኔ ሥር ትውላለች" አለች። ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ሼድ ተከራየች፤ ያገለገለ የብየዳ ማሽን ገዛች፤ በርና መስኮት መሥራት ጀመረች።

እዚያ ሼድ ውስጥ መጀመሪያ የሠራችው ዕቃ ለገበያ የሚሆን አልነበረም። ለሩሐማ የሚሆን ሣጥን ነው፤ አራት ማዕዘኑ አንግል ብረት፣ ጎኑ ወንፊት፣ ወደ ብየዳው በኩል ያለው ፊቱ ግን ሙሉ ላሜራ። የብየዳ ብርሃን ዓይን ያቃጥላል፤ የሚበይደው ሰው ጭንብል አለው፣ ሕፃን ግን የለውም። ስለዚህ ልጅቷ እናቷን በድምፅ እንጂ በዓይን ሳታያት ትውላለች። አገርነሽ እየበየደች ትዘፍን ነበር ይባላል። እሷን ብትጠይቋት "ዘፈን አይደለም፤ እንዳታለቅስብኝ የማደርገው ጩኸት ነው" ትላለች።

ጀልባ ያሠሯት መጀመሪያ አባ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ የዘጌ ቄስ፣ ያን ጊዜ ጎልማሳ። የእንጨቱ ጀልባ በሰበሰባቸው፤ የብረት ፈለጉ። ከዚያ በፊት ጀልባ ሠርታ አታውቅም፤ የብረት መጋጠሚያ እንዳያፈስ አጥብቆ መበየድ ግን ፋብሪካ የቦይለር ታንክ ስትጠግን ተምራለች። ጀልባውን ጨርሳ ከውጭ ኖራ ቀባችው፤ ከውስጥ ብየዳውን ተከትላ ነጭ ጋዝ አስነካችው። ነጭ ጋዝ ከውሃ ይልቅ ሰርጎ ገብ ነው፤ ውሃ የማያልፍበትን ቀዳዳ እሱ ያልፍበታል። የሚያፈስ ቦታ ካለ ኖራው ላይ እርጥብ ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል። ነጥቡ የታየበትን በግራይንደር ፍቆ እንደገና መበየድ ነው። አንድም ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ስትል ሰነበተች።

በርክክቡ ዕለት ሩሐማን የምትይዝላት ጎረቤት ለቅሶ ሄደች። አባ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጧቱ እያለፈ ነው። አገርነሽ ልጇን በአንቀልባ አዘለችና ሞተሩን አስነሥታ ገባች። ዞራ ስትመለስ አባ ያማትባሉ።

"ልጇን አዝላ ገባችበት!" አሉ ለተከተሏቸው ሰዎች። "እናንተ! በሥራዋ እንዲህ የተማመነች ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይኸንኑ ተናገሩ። የቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ ወሬው ሐይቁን ተሻገረ። ሁለተኛው ገዢ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው "ልጅሽን ይዘሽ ትገቢበታለሽ አይደል?" የሚል ሆነ። ምን ትበለው? "የሚይዝልኝ አጥቼ ነው" የሚል ጀልባ ሠሪ ማን ያምናል? "እገባለሁ" አለች። በዚያው ወግ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛ ልጇ ሀዲስ ሲወለድ ወጉ ለእሱ ተላለፈ። መዳፍ ብየዳ ላይ ማሳረፉንም ያመጣው እሱ ነው። ሩሐማ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ እሱ ግን ጀልባው ውስጥ ሥራ ፈልጎ መነካካት ጀመረ፤ እጁን ብየዳው ላይ አድርጎ እየተንፏቀቀ "ደረቅ ነው፣ ይኼም ደረቅ ነው" ሲል ገዢዎቹ ሳቁ፤ ወደዱት። ከዚያ በኋላ "ደረቅ ነው" ሳይባል የሚረከብ ጠፋ።

እንግዲህ ወግ ሲሆን ጉዳቱም ጥቅሙም አብሮ ይመጣል። ጥቅሙ ለእጇ ነበር። በጀልባ ሥራ ማንም የማያየው ብየዳ አለ፤ ከመቀመጫ ሥር፣ ከጥግ፣ ቀለም ከሚሸፍነው በታች። ሰው የሚሰንፈው እዚያ ላይ ነው። አገርነሽ እዚያ ጥግ ስትደርስ የልጅ መዳፍ ይታያታል። ፍቃ ትደግመዋለች። ጉዳቱ በልጆቹ በኩል ነበር፤ የወላጆች ስብሰባ ላይ እጅጌው በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ ሹራብ ለብሳ ትመጣለች፤ የትምህርት መዝጊያ በዓሉ ግማሹ ያመልጣታል። ሩሐማ የቤት ሥራዋን ላሜራ ላይ በጠመኔ እየሠራች አደገች። አገርነሽ ታዲያ ልጆቼን አላሳደግኋቸውም ብላ አታውቅም። "ከአጠገቤ ርቀው አያውቁም" ነው የምትለው፤ ይኼም እውነት ነው።

ሀዲስ ትምህርቱን አልወደደም፤ ሞተር ወደደ። አድጎ እናቱ ከሠራቻቸው ጀልባዎች በአንዱ ሰው ማመላለስ ጀመረ። አንድ የበዓል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ተሳፋሪ ለመነው። ለበዓሉ ከተማ መድረስ የፈለገ ሰው ብዙ ነበር፤ ሀዲስም እንቢ ማለት አይሆንለትም። ነፋሱ መንገድ ላይ አገኛቸው። ጀልባው ተገለበጠ። አልሰጠመም። ተሳፋሪዎቹ በተገለበጠው ጀርባው ላይ ተንጠልጥለው ተረፉ። ሀዲስ ከኋላ፣ ከሞተሩ ዘንድ ነበር፤ ማዕበሉ ወርውሮ ከሰዎቹ ለየው። አገርነሽ እስኪመሽ ዳር ቆማ ጠበቀች። ሬሳው በማግሥቱ ወጣ።

የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ ጀልባው ወደ ሼዱ እንዲጎተት አደረገች። ጥቁሯን እንደለበሰች ውጩን ኖራ ቀባች፤ ውስጡን ነጭ ጋዝ አስነካች። አብሯት የሚሠራው በያጅ ዳኘው ባልዲውን ይዞላት ቆመ። ጠበቁ። ኖራው ነጭ እንደሆነ ቀረ። መዳፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችበት።

"ደረቅ ነው" አለች።

ዳኘው ኋላ ሲያወራ "ቢያፈስ ይሻላት ነበር" ይላል። "ቢያፈስ የምታስተካክለው ነገር ይኖራት ነበር።"

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ጀልባ አልሠራችም። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ሠራች። ሼዱንም ወደ ሰባታሚት አዛወረችው፤ ሐይቁ ከዚያ አይታይም። ሩሐማ ኮሌጅ ውስጥ የነበራትን የቢሮ ሥራ ትታ እናቷን ልታግዝ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። አግብታ ወንጌላዊትን ወልዳ ነበር፤ ልጅቷንም ይዛት ትመጣለች። አገርነሽ ያን የአንግል ብረት ሣጥን ከጓሮ አውጥታ አራገፈችው፤ ዝገቱን ፍቃ ቀለም ቀባችው።

ወደ ጀልባ የመለሳት የሰው ሐሜት ነው። የብየዳ ኤሌክትሮድ ልትገዛ ብረት መሸጫ ተሰልፋ ሳለ ከኋላዋ ያለው ሰው እሷ መሆኗን ሳያውቅ "ያቺ ሴትዮ? ልጇን የበላ ጀልባ ነው እኮ የምትሠራው" ሲል ሰማች። ዞር አላለችም። ዕቃዋን ይዛ ወጣች። በዚያው ሰሞን አባ ወልደ ዮሐንስ ጀልባቸው አርጅቶ ሌላ እንድትሠራ ሰው ልከውባት ነበር፤ "ንገሯቸው፣ እሠራለሁ" አለች።

ይኼኛው ጀልባ የጋራ ነው፤ የዘጌ ቡና ነጋዴዎችና ቤተ ክርስቲያኑ አብረው ያወጡበት። አገርነሽ በሙሉ ልቧ ሠራችው። ገና ላሜራው ሲቆረጥ አንድ ነገር ወስናለች፦ ወንጌላዊት ትሳፈርበታለች፤ "ደረቅ ነው" ትላለች፤ ሰውም ዳር ቆሞ ይሰማል። ያ የብረት መሸጫው ሰውዬም ይሰማል።

በርክክቡ ዋዜማ ከሰዓት ጀልባው ግቢው መሀል በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። ኖራው ነጥቷል። ወንጌላዊት ከሥሩ ገብታ ነጥብ ትፈልጋለች።

"እምዬ፣ የለም! አንድም የለም!"

"ከመቀመጫው ሥር በደንብ እይ" አለቻት አያቷ።

ሩሐማ አንድ ትልቅ ጆንያ እየጎተተች ገባች። ገለበጠችው፤ ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬቶች መሬቱ ላይ ተዘረገፉ።

"ምንድን ነው ይኼ ደግሞ?" አለች አገርነሽ።

"ላይፍ ጃኬት ነዋ። ከጀልባው ጋር አብረን እንሰጣለን።"

ዳኘው ከጀልባው ውስጥ ብቅ አለና ሳቀ። "ሩሐማ ሙች፣ ይኼ ምግብ ቤት ከፍቶ ደጃፉ ላይ የቁርጠት መድኃኒት እንደ መሸጥ ነው!"

"አንተ ዝም ብለህ ቀባ።"

"እውነቱን ነው" አለች አገርነሽ። "ሰው ይኸን ያየ እንደሆነ ጀልባው ያፈሳል ነው የሚለው።"

"ይበላ።"

"ይበላ ትላለች! ስም በአንድ ቀን የሚገኝ መሰላት።"

ሩሐማ አንዱን ጃኬት አንሥታ ማሠሪያውን ትመረምራለች። ቀና ሳትል "ወንጌላዊትም ነገ አትሳፈርም" አለች።

ዳኘው ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፤ ጭንቅላቱንም ወደ ውስጥ መለሰ።

"ብየዳዬን አታምኚውም?"

"ብየዳሽንማ አምነዋለሁ፣ እማ። የማላምነው ሐይቁን ነው።"

"አድገሽበት የለ?"

"አድጌበታለሁ። ሀዲስም አድጎበታል።"

የሀዲስ ስም በዚያ ግቢ እንዲህ በግልጽ ከተጠራ ቆይቷል። አገርነሽ የሽቦ ብሩሿን አነሣችና የጸዳውን ብየዳ እንደገና ማጽዳት ጀመረች። ሩሐማ ጃኬቶቹን መልሳ ጆንያው ውስጥ ከተተች። አገርነሽ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም። ነገ አባ ሲጠይቁ፣ በሰው ፊት፣ እጇን ለልጅቷ ትዘረጋለች፤ ሩሐማም በአባ ፊት እናቷን አታሳፍርም።

በማግሥቱ ጀልባው ከኢሱዙ ወርዶ ዳር ላይ ተቀመጠ፤ የሩሐማ ጆንያም ከጎኑ። ውሃው ዝም ብሏል። የዘጌ ሰዎች ቀድመው ደርሰዋል፤ አባ ወልደ ዮሐንስ አሁን ጢማቸው ነጥቶ በመቋሚያ ነው የሚሄዱ። ከአጠገባቸው የቡና ነጋዴዋ የብርጓል፣ ከኋላቸው ደግሞ ሌሎች ነጋዴዎች።

"እንደምን አደርሽ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን አባ፤ እርስዎ እንደምን አደሩ?"

"ይመስገን። ታዲያ ያች ትንሽ ምስክራችን የታለች?"

ሁሉም ወደ ወንጌላዊት ዞሩ። የእናቷን እጅ ይዛ ቆማለች። ከኋላ አንዱ ነጋዴ "ልጅቷ ካልገባችበት እኛም አንገባበት" አለ፤ እንደ ቀልድ፣ ግን ቀልዱ ግማሽ ብቻ ነው።

አገርነሽ እጇን ዘረጋች። "ነይ የኔ ልጅ።"

ሩሐማ ልጅቷን ወደ ራሷ አልሳበችም። አልለቀቀቻትም። ወንጌላዊት አያቷን ቀና ብላ አየቻት።

"እምዬ፣ አጎቴ ሀዲስ የሄደበት ጀልባ ያፈስ ነበር?"

"አያፈስም ነበር።"

"ደረቅ ነበር?"

"ደረቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሳይመለስ ቀረ?"

አገርነሽ ለብረት መሸጫው ሰውዬ መልስ ነበራት፤ ለገዢም፣ ለተፎካካሪም። ይኸን ግን ጠይቋት የሚያውቅ የለም። "ነፋሱ..." ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። የተዘረጋ እጇን አየችው፤ የፍንጣሪ ጠባሳ የሞላበት እጅ፤ ብረት አጥብቆ የሚያውቅ። ነፋስ ምን ታደርገዋለች? ብየዳ አይደለ፣ ፍቃ አትደግመው።

እጇን መለሰች።

"አባ" አለች። "ያን የመጀመሪያውን ጀልባ ያስታውሱታል? ሩሐማን አዝዬ የገባሁበትን?"

"እንዴት እረሳዋለሁ! ስንቱን አስተማርሁበት።"

"ጎረቤቴ ለቅሶ ሄዳ ነው። የማስቀምጥበት ባጣ አዘልኋት። ለማሳየት አልነበረም።"

አባ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ከኋላ ያ ነጋዴ "እንዴ!" አለ።

"ይኸን ሁሉ ዘመን?" አሉ አባ በመጨረሻ።

"ይኸን ሁሉ ዘመን። ብየዳው እውነት ነው፣ አባ። አያፈስም፤ የሀዲስም አላፈሰም። ግን ልጅቷ አትገባም። ከእንግዲህ የማንም ልጅ ለጀልባዬ ምስክር አይሆንም። እኔ እገባበታለሁ፤ እሱን ለብሼ" አለችና ወደ ጆንያው ጠቆመች።

"ጃኬት የሚያስለብስ ጀልባማ..." ብሎ ጀመረ ነጋዴው። ሌሎቹም እርስ በርስ ተያዩ። ሁለቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

የብርጓል ግን ወደ ጆንያው ሄደች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጥላ ጎንበስ አለችና አንዱን አወጣች፤ አገላብጣ አየችው፤ ሌላ አወጣች።

"ሩሐማ፣ ለልጅ የሚሆን አለሽ?" አለች። "የእኔዎቹ በየሳምንቱ ከእኔ ጋር ነው የሚሻገሩት።"

"ከሥር አሉ፣ እትዬ። ትንንሾቹ ከሥር ናቸው።"

"እኔ ቡናዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ነው የማሻግረው፤ እንዳይረጥብ" አለች የብርጓል ወደ ነጋዴዎቹ ዞራ። "ልጆቼን ግን እንዲሁ። እስቲ ሳቁ አሁን።"

አባ መቋሚያቸውን ለአንዱ ሰጡና እጃቸውን ዘረጉ። ሩሐማ ጃኬቱን በነጠላቸው ላይ አጠለቀችላቸው፤ ማሠሪያውን ሳበች። ዳኘው አላስቻለውም።

"አባ፣ ለሹመት የተሰጠ ካባ መሰለብዎ!"

"ዝም በል አንተ! ካባ እንዲህ አያንቅም።" አገርነሽን ተመለከቷት። "ያን ቀን ያየሁትን ነው የተናገርሁት፣ ልጄ። ልጅ ያዘለች እናት አየሁ። ማስቀመጫ ያጣች መሆኗን ማን ነገረኝ? ብጠይቅሽ ደግ ነበር።" ከዚያ ጀልባውን በአገጫቸው አመለከቱ። "ግፉት እንግዲህ።"

አገርነሽ ጃኬት ለብሳ ከሞተሩ ዘንድ ተቀመጠች፤ ሀዲስም በእሱ ጀልባ የነበረበት ቦታ ነው። አባ ወለሉ ላይ እንደ ልጅ እግራቸውን አጣጥፈው መዳፋቸውን ብየዳው ላይ አሳረፉ። ጀልባው ዳሩን ለቀቀ።

ወደ ውስጥ ገብታ ስታዞረው ዳሩን አየችው። ይኸን ሁሉ ዘመን አዲስ ጀልባ ይዛ ስትወጣ ልጅ ከፊቷ ነበር የሚቀመጥ፤ ዓይኗም እሱ ላይ ነበር። የእሷ ወገን ከዳር ቆሞ ሲጠብቃት አይታ አታውቅም። አሁን ወንጌላዊት እናቷን ይዛ ቆማለች፤ ከርቀት ትንሽ ናት፤ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳለች። አገርነሽ ያን የበዓል ዋዜማ እንዲሁ ነበር የቆመች።

"እምዬ!" አለች ልጅቷ። ድምጿ በውሃው ላይ ቀጥኖ መጣ። "ደረቅ ነው?"

አባ ቀና ብለው አገርነሽን ጠበቁ፤ ቃሉን ለእሷ ተዉላት። አንድ እጇን ከሞተሩ ሳታነሣ ጎንበስ አለችና በሌላው ብየዳውን ዳሰሰችው።

"ደረቅ ነው!" አለች። ዳር አልተሰማ እንደሆነ ብላ ደገመችው፤ ከዚያም "መጣሁ! እየመጣሁ ነው!" አለች።

ጀልባው ዳር ሲነካ ሩሐማ ገመዱን ይዛ ቆማ ነበር። አገርነሽ ስትወርድ ሩሐማ የጃኬቷን ማሠሪያ ፈታችላት። ያፈገፈጉት ሁለቱ ነጋዴዎች ሄደዋል። የቀሩት ጃኬት እየለኩ ነው።

"የሞተሩ መቀመጫ ላይ አንዱ ብሎን ይንቀጠቀጣል" አለቻት አገርነሽ። "ሳይረከቡን እናጥብቀው።"

ሩሐማ መፍቻውን ልታመጣ ወደ ኢሱዙው ሄደች።